«ፈጣሪን ማን ፈጠረው?» ለሚል ወንድም ምን ይመለሳል?

ጥያቄው፦ «እኔ አማኝ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ የፈጣሪን መኖር አልቀበልም ይላል። ‹ፍጥረት ካለ ፈጣሪ አለ› ስለው ‹ፈጣሪንስ ማን ፈጠረው?› ብሎ ይስቅብኛል። ‹በሳይንስ አረጋግጪልኝ፣ ሳይንቲስቶች እኮ አያምኑም› ይላል። እምነት ማለት ደግሞ ያለ ማስረጃ መቀበል ነው ይለኛል። አባታችን ያረፉት እሱ ገና ልጅ እያለ ስለሆነ ተቀይሞ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ሎጂክና ሳይንስ የፈጣሪን መኖር ማረጋገጥ ይችላሉ? ምን ልበለው?»

ውድ እህቴ፣

የሃይማኖት ፍልስፍና ሳስተምር በመጀመሪያው ቀን የሚቀርብልኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እርስዎስ ያምናሉ?» የሚል። መልሴም አንድ ነው፤ «የሴሚስተሩ ውጤት ከተሰጠ በኋላ እነግራችኋለሁ።» ለእርስዎም እንደዚያው ልሁን። የእኔን ወገን ካወቁ የምጽፈውን ሁሉ በዚያ መነጽር ያነቡታል፤ ወንድምዎም እንዲሁ።

ወንድምዎን ዝም የሚያሰኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ጠብቀው ከሆነ የለኝም። እርስዎን ዝም የሚያሰኝም እሱ ዘንድ የለም። በዚህ ጉዳይ ከእኔም ከእሱም የበለጡ ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ተከራክረዋል፤ አንዱም ወገን እጁን አልሰጠም። ይህ ማለት ግን ክርክሩ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከየትኛውም ሙግት ማምለጫ በር አለ፤ በሩ ላይ ግን የሚከፈል ነገር አለ። የእኔ ሥራ በየበሩ ቆሞ ሒሳቡን መንገር ነው። ከዚህ በታች ያለውም እሱ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቋንቋችን የሚሠራብንን እንይ። «ፍጥረት ካለ ፈጣሪ አለ» የሚለውን ማንም ሊክደው አይችልም። «ልጅ ካለ ወላጅ አለ» እንደ ማለት ነውና። ችግሩ ክርክሩ ሳይጀመር ማለቁ ነው። ዓለምን «ፍጥረት» ብለው በጠሩበት ቅጽበት ድምዳሜውን መነሻው ውስጥ ከተዋል። ወንድምዎ «ዓለም መኖሩን አልካድኩም፤ የተፈጠረ መሆኑን ነው የምጠይቅሽ» ቢልዎ እውነት አለው። (ችግሩ የእሱም ነው። «ተፈጥሮ» ብሎ ሊያመልጥ ቢሞክር ያም የ«ፈጠረ» ዘር ነው። በአማርኛ የፈጣሪን መኖር መካድ ከሰዋስው ጋርም መጣላትን ይጠይቃል።) ስለዚህ «ፍጥረት»ን ለጊዜው አስቀምጠው «ዓለም» ይበሉ፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ክርክር ይሆናል።

አሁን ወደ «ፈጣሪን ማን ፈጠረው?»። ይህ ጥያቄ የሚያሸንፈው አንድ የተወሰነ ሙግት አለ፤ «ያለ ነገር ሁሉ ሠሪ አለው፤ ስለዚህ ዓለም ሠሪ አለው» የሚለውን። መነሻው «ሁሉ» ካለ ፈጣሪም «ሁሉ» ውስጥ ነው፤ እሱን ብቻ ከደንቡ ነጻ ማውጣት አያስኬድም። በዚህ ወንድምዎ አሸንፏል፤ አሸንፈሃል ይበሉት። ነገር ግን ቁም ነገረኛ የሆነ የሃይማኖት ፈላስፋ ሙግቱን እንዲህ አድርጎ አያቀርበውም።

የእስልምና ሊቁ አል-ጋዛሊ (በ1111 ነው ያረፈው) ያቀረበው «መጀመሪያ ያለው ነገር ሁሉ ምክንያት አለው» ብሎ ነው። ደንቡ የሚነካው መጀመሪያ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ የቀረው ጥያቄ «ዓለም መጀመሪያ አለው ወይ?» የሚል ይሆናል። ከእሱ በፊት የነበረው ፈላስፋና ሐኪም ኢብን ሲና ደግሞ ጊዜን ጭራሽ አላስፈለገውም። የእሱ ክፍፍል ሌላ ነው፤ ባይኖርም ይችል የነበረ ነገር አለ፣ መኖሩ የግድ የሆነ ነገር አለ። እኔና እርስዎ፣ ተራራውና ኮከቡ ባንኖርም እንችል ነበር። ባይኖር ይችል የነበረ ነገር ለምን እንዳለ ከራሱ ውጭ የሆነ ምክንያት ይፈልጋል፤ ያ ምክንያትም ራሱ እንደዚያው ከሆነ ሌላ ይፈልጋል።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ምሳሌ ወሬ ነው። አንድ ሰው «እንዲህ ሆኗል» ይላል። «አይተሃል?» ሲባል «ከእገሌ ሰምቼ ነው» ይላል። እገሌም «ሰምቼ ነው»፤ ያኛውም «ሰምቼ ነው»። ሰንሰለቱን መቶ ሰው ቢያደርጉት፣ ማለቂያ የሌለው ቢያደርጉት፣ ሁሉም የሰማ ከሆነና ያየ ከሌለ ወሬው መሠረት አያገኝም። ርዝመቱ ምንም አይጨምርም። ኢብን ሲና የሚለው በአንድ ቦታ ላይ «ሰምቼ» የማይል፣ ራሱ ያየ መኖር አለበት ነው። «እሱስ ከማን ሰማ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አለመረዳት ነው፤ ከማንም ያልሰማው ነው የተፈለገው። ስለዚህ «ፈጣሪን ማን ፈጠረው?» ይህን ሙግት አይነካውም።

ታዲያ ማምለጫው የት ነው? ጥር 28 ቀን 1948 በቢቢሲ ሬዲዮ የማያምነው ፈላስፋ በርትራንድ ራስልና የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የነበረው ፍሬድሪክ ኮፕልስተን ተከራክረው ነበር፤ እስካሁን ከሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ የጨዋነት ምሳሌ አድርጌ የምጠቅሰው እሱን ነው። ራስል ሁለት በር ከፈተ። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ሰው እናት አለው ማለት የሰው ዘር በጅምላው እናት አለው ማለት አይደለም፤ በዓለም ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር ምክንያት ቢኖረውም ዓለም በጠቅላላው ምክንያት አለው ማለት አይቻልም። ሁለተኛው ይበልጥ ደፋር ነው፤ ዓለም እንዲሁ አለ፣ በቃ፣ ከዚያ አልፎ «ለምን?» ማለት ትርጉም የለውም። ኮፕልስተን በበኩሉ በቼዝ ጠረጴዛው ፊት ላለመቀመጥ የወሰነን ሰው ማሸነፍ እንደማይቻል ተናገረ።

የራስል በር ክፍት ነው፤ መውጣት ይቻላል። ዋጋው ግን ይህ ነው፦ በሌላ ቦታ ሁሉ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ፣ «እንዲሁ ሆነ» የሚል መልስ የማይቀበል ሰው፣ ከሁሉም ትልቁ ጥያቄ ላይ ሲደርስ «እንዲሁ ነው» ብሎ ይቆማል። ለምን እዚያ ላይ እንደቆመ ወንድምዎን ይጠይቁት። መልስ ላይኖረው ይችላል፤ ቢያንስ ጥያቄው ለእሱም እንደሚቀርብ ያያል።

የእርስዎ ሒሳብም ይመጣል። ኢብን ሲና ሙሉ በሙሉ ቢያሸንፍ እንኳ በእጅዎ የቀረው «መኖሩ የግድ የሆነ አንድ ነገር» ነው። ያ ነገር ያውቃል? ያፈቅራል? የሚጸልይለትን ይሰማል? ሙግቱ አልተናገረም። የ13ኛው ክፍለ ዘመን የካቶሊክ ሊቅ አኩዊናስም ሆነ ኢብን ሲና ይህን ክፍተት ያውቁ ስለነበር ለመሙላት ብዙ ገጽ ጽፈዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን እዚያ ላይ ጉልበታቸው ይደክማል። ብዙ አማኞች ከመጀመሪያው ምክንያት ወደ ሃይማኖታቸው በአንድ ዝላይ ሲሻገሩ አያለሁ። በመካከል ያለው ወንዝ ግን ሰፊ ነው።

ስለ ንጹሕ ሎጂክ ብዙ አልልም። የካንተርበሪው አንሰልም በ11ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከእሱ የበለጠ ሊታሰብ የማይችል አካል በሐሳብ ብቻ ሊቀር አይችልም፣ በእውን መኖር ከሐሳብ ይበልጣልና ብሎ ተከራከረ። ጎኒሎ የሚባል መነኩሴ ወዲያው «በዚህ መንገድማ እንከን የሌላት ደሴት መኖሯንም ላረጋግጥልህ እችላለሁ» ሲል መለሰለት። ልብ ይበሉ፤ የመጀመሪያው ከባድ ተቃውሞ የመጣው ከአማኝ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሒሳብ ሊቁ ኩርት ጎደል ሙግቱን በዘመናዊ ሎጂክ ቋንቋ ጻፈው፤ በ2013 ሁለት ተመራማሪዎች በኮምፒውተር አስፈትሸው ከመነሻዎቹ ወደ ድምዳሜው የሚወስደው መንገድ ትክክል መሆኑን አሳዩ። «ኮምፒውተር የፈጣሪን መኖር አረጋገጠ» የሚሉ ርዕሶች ያኔ ወጡ። ኮምፒውተሩ ያለው ግን «እነዚህን መነሻዎች ከተቀበላችሁ ይህን መቀበል ግድ ነው» ብቻ ነው። ሎጂክ ሁልጊዜ የሚለው እሱን ነው። መነሻ አይሰጥም፤ መነሻዎ ወዴት እንደሚወስድዎ ይነግራል።

ወደ ሳይንስ ስንመጣ ትንሽ ልቆይ፤ ግራ መጋባቱ የበዛው እዚህ ነውና።

ወንድምዎ «በሳይንስ አረጋግጪልኝ» ሲል ሳይንስ የሚሠራውን የረሳው አይመስለኝም፤ ግን ጥያቄው ያስረሳል። ሳይንስ የሚለካ ነገርን ይዞ መላምት ያቀርባል፣ መላምቱ ከተሳሳተ የሚጋለጥበትን ሙከራ ያዘጋጃል። ስለ ዓለም አካሎች እርስ በርስ ግንኙነት ነው የሚያጠናው። «ዓለም በጠቅላላው ለምን አለ?» የሚለው ግን ከአካሎቹ መካከል የአንዱ ጥያቄ አይደለም። ይህን ስል ሳይንስ ለሃይማኖት ምንም አይናገርም ማለቴ አይደለም። ሃይማኖት በዓለም ውስጥ ስለሚሆን ነገር ቃል ከሰጠ፣ የምድርን ዕድሜ ወይም የፀሐይን ዙረት ከተናገረ፣ ሳይንስ ይመረምረዋል፤ ሊያስተባብለውም ይችላል። ብዙ ጊዜም አስተባብሏል።

እዚህ ላይ የሁለት ሰዎችን ታሪክ ልንገርዎ፤ ሁለቱም የሚጠበቅባቸውን ያላደረጉ ናቸው።

ዦርዥ ለሜትር የቤልጂየም የካቶሊክ ካህንና የፊዚክስ ሊቅ ነበር። በ1927 ዩኒቨርስ እየሰፋ መሆኑን ከአንስታይን እኩልታዎች ተነሥቶ አሳየ። በ1931 ደግሞ ነገሩን ወደ ኋላ ተከትሎ ሁሉም ነገር ከአንድ «የመጀመሪያ አቶም» እንደ ተነሣ ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ ታላቁ ፍንዳታ የምንለው፣ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት እንደሆነ የሚሰላው፣ ሥሩ እዚያ ነው። በ1951 ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ለጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ ባደረጉት ንግግር ይህ ግኝት «ብርሃን ይሁን» ለሚለው ቃል ምስክር እንደሆነ አድርገው አቀረቡት። ከማንም በላይ ደስ ሊለው የሚገባ ሰው ለሜትር ነበር። ደስ አላለውም። ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ እንደሚቆምና አማኙም የማያምነውም እኩል ሊሠሩበት እንደሚችሉ ነበር አቋሙ። ካህኑ ለሃይማኖቱ የቀረበለትን ስጦታ መለሰ። ለምን? ነገ ንድፈ ሐሳቡ ቢሻሻል እምነቱ አብሮ እንዲሻሻል ስላልፈለገ ይመስለኛል።

ሁለተኛው የሥነ ፈለክ ሊቁ ፍሬድ ሆይል ነው። «ቢግ ባንግ» (ታላቁ ፍንዳታ) የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው፤ በ1949 በሬዲዮ፣ የማይቀበለውን ሐሳብ ሲገልጽ። ዩኒቨርስ መጀመሪያ የለውም ብሎ ይከራከር ነበር፤ የመጀመሪያ ነገር ወሬ የሃይማኖት ሽታ አለው ብሎም ይጠረጥረው ነበር። ይኸው ሰው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ካርቦን በከዋክብት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ሲያሰላ፣ የካርቦን ኒውክሊየስ በአንድ የተወሰነ የኃይል ደረጃ ላይ ልዩ ጠባይ ከሌለው በዓለም ላይ ይህን ያህል ካርቦን ሊኖር እንደማይችል ደረሰበት። ካርቦን ከሌለ እኛ የለንም። የላቦራቶሪ ሰዎችን ፈልጉት አላቸው፤ ፈለጉት፤ ካለው አጠገብ አገኙት። ከብዙ ዓመታት በኋላ ይህ ሰው ነገሩን በቀናነት ለሚያይ ሰው አንድ ታላቅ አእምሮ በፊዚክስ ሕግጋት ውስጥ እጁን ያስገባ ይመስላል ብሎ ጻፈ። ሆይል በዚህ ምክንያት ሃይማኖተኛ አልሆነም፤ ግን ያየውን አልደበቀም።

የሆይል ግኝት ዛሬ «የቁጥሮች መስማማት» ከሚባለው ሙግት ማስረጃዎች አንዱ ነው፤ የዓለም መሠረታዊ ቁጥሮች ጥቂት ቢዛነፉ ሕይወት አይኖርም የሚለው። ማምለጫዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ «ባይስማሙማ ኖሮ ቆመን አንጠይቅም ነበር» የሚል ነው። ፈላስፋው ጆን ሌስሊ ለዚህ የሰጠው ምሳሌ ጥሩ ነው፤ ሃምሳ ተኳሾች አነጣጥረው ተኩሰውብዎ ሁሉም ቢስቱ፣ «ባይስቱ ኖሮ አልጠይቅም ነበር» ብለው ዝም አይሉም፤ ለምን እንደሳቱ ማወቅ ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ማምለጫ እጅግ ብዙ ዩኒቨርሶች አሉ፣ ቁጥሩ የሰመረው በእኛው ነው ማለት ነው። ይህ በር ጠንካራ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ወንድምዎ ላይ ይከብዳል። ልናያቸው የማንችላቸውን ስፍር ቁጥር የሌላቸው ዓለማት ለመቀበል ከተዘጋጀ፣ «የማይታይ ነገር አልቀበልም» የሚለውን መፈክሩን ትቶታል። በእርስዎ በኩል ደግሞ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ የፊዚክስ ሊቅ ነገ ቁጥሮቹ ለምን እንዲህ እንደሆኑ ከጥልቅ ሕግ ቢያወጣው ሙግቱ ይፈርሳል።

እንዲህ ያለ መፍረስ ደግሞ ከዚህ በፊት ሆኗል። ኒውተን የፕላኔቶች ምሕዋር ቀስ በቀስ እየተዛባ ስለሚሄድ ፈጣሪ በየጊዜው ማስተካከል ይኖርበታል ብሎ ያምን ነበር። ፈላስፋው ላይብኒዝ በ1715 ተሳለቀበት፤ ሰዓቱን በየጊዜው የሚሞላ ሰዓት ሠሪ ሆነ እኮ፣ ምን ዓይነት ሠሪ ነው? አለ። የሒሳብ ሊቁ ላፕላስ በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከሚያሳስቡት መዛባቶች ዋናውን፣ የጁፒተርንና የሳተርንን፣ በኒውተን የራሱ ሕግ አስረዳው፤ የኒውተን ክፍተት ጠፋ። እንግሊዛዊው ካህን ዊሊያም ፔይሊም በ1802 ዓይንን ከሰዓት ጋር አመሳስሎ ሠሪ አለው አለ፤ በ1859 ዳርዊን ያለ ሠሪ እጅ ዓይን የሚደርስበትን መንገድ አሳየ። ሳይንስ ያላወቀውን ቀዳዳ ፈልጎ «ፈጣሪ እዚህ ነው» የሚል አማኝ፣ ቀዳዳው ሲደፈን ፈጣሪውን አብሮ ይቀብራል። በናዚ እስር ቤት የነበረው የነገረ መለኮት ሊቅ ዲትሪሽ ቦንሆፈር በ1944 በጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ አስጠንቅቋል፤ ፈጣሪን በማናውቀው ውስጥ ሳይሆን በምናውቀው ውስጥ እንፈልገው ነው ያለው። እህቴ፣ ይህን መንገድ ይተዉት። ከጓደኞችዎ አንዱ «ሳይንስ ይህን ማስረዳት አልቻለም» ብሎ ሲጀምር ከሰሙም ርዕሱን ያስለውጡት።

ጸሎትም በሙከራ ተፈትኗል። በ2006 ውጤቱ በታተመ ጥናት በአሜሪካ ስድስት ሆስፒታሎች የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 1,802 ሕሙማን በሦስት ተከፈሉ። ይጸለይላቸው አይጸለይላቸው ሳያውቁ ከተጸለየላቸው መካከል 52 ከመቶ፣ ሳያውቁ ካልተጸለየላቸው 51 ከመቶ ከሕክምናው በኋላ ችግር ገጠማቸው፤ ልዩነት የለም ማለት ነው። እንደሚጸለይላቸው በእርግጠኝነት የተነገራቸው ደግሞ 59 ከመቶ። ወንድምዎ ይህን ካላወቀው ቶሎ ያገኘዋል። እርስዎም «ፈጣሪ የላቦራቶሪ አይጥ አይደለም፤ በቀጠሮ አይፈተንም» ይሉታል፤ ተገቢ መልስ ነው። ግን ዋጋውን ይክፈሉ። ፈጣሪ የማይለካ ከሆነ «እገሌ ተጸልዮለት ዳነ» የሚለውንም ማስረጃ አድርገው ሊያቀርቡለት አይችሉም። መለኪያው ሲያወድስ ተቀብሎ ሲነቅፍ መጣል አይሆንም።

የወንድምዎን ከባድ ሙግት ግን ገና አልነካሁም። ከባዱ ሙግቱ የሚመጣው ከላቦራቶሪ አይደለም።

ፈላስፋው ዊሊያም ሮው በ1979 አንድ ምሳሌ አቀረበ። ሰው በሌለበት ሩቅ ጫካ መብረቅ ወድቆ እሳት ይነሣል፤ አንድ የአጋዘን ግልገል ይቃጠላል፤ ለቀናት ተሠቃይቶ ይሞታል። ማንም አላየውም። ማንም ትምህርት አላገኘበትም። የማንም ነጻ ፈቃድ አልተጠበቀበትም። ሁሉን የሚችልና ሁሉን የሚወድ ፈጣሪ ይህን ለምን ተወው? ከሮው በፊት ሌላው ፈላስፋ ጄ. ኤል. ማኪ በ1955 ክፋት መኖሩና እንዲህ ያለ ፈጣሪ መኖሩ ፈጽሞ አብረው አይሄዱም ብሎ ነበር። አማኙ ፈላስፋ አልቪን ፕላንቲንጋ ለዚያ በነጻ ፈቃድ መልስ ሰጠ፤ ብዙ የማያምኑ ፈላስፎችም መልሱን ተቀበሉ። የሮው ግን «አይቻልም» አላለም፤ «አይመስልም» ነው ያለው። ለዚህ ነው ለመመለስ የሚያስቸግረው።

አማኙ የሚወጣበት በር ይህ ነው፦ ሕፃን ልጅ ወላጁ ለምን መርፌ እንዳስወጋው አያውቅም፤ ምክንያቱ ስላልታየው ምክንያት የለም ማለት አይችልም። በሩ ሕጋዊ በር ነው። ሆኖም የፈጣሪን ምክንያት እኛ ልናነበው አንችልም ካልን፣ የአበባውን ውበት አይተን «ይኸው ደግነቱ» ማለትም ይከለክለናል። ደጉን አነባለሁ ክፉውን አላነብም የሚል ሰው ማንበብ አይችልም። ይህን ዋጋ ከፍለው ወጥተው የሚኖሩ ጥልቅ አማኞች አውቃለሁ። ዋጋ እንዳለው የማያውቁም አውቃለሁ፤ ሐዘንተኛ ቤት ገብተው ነገር የሚያበላሹት እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ አባታችሁ የጻፉትን ላንሣ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ወንድምዎ ያላመነው በሐዘን ተቀይሞ ይሆናል ብለዋል። ሊሆን ይችላል። እባክዎ ይህን ግን በክርክር መካከል እንዳይናገሩት። አንድ ሰው ሐሳብ ሲያቀርብልዎ «ይህን የምትለው ተጎድተህ ነው» ማለት ሐሳቡን ሳይነኩ ሰውየውን መዳሰስ ነው። እሱም በተራው «አንቺ የምታምኚው ሞትን ስለምትፈሪ ነው» ይልዎታል፤ በዚህ መንገድ ሁለታችሁም ትክክል ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ፈጣሪ መኖር አለመኖሩን ግን አልነካችሁም። እምነት ከየት እንደመጣ ሌላ ነገር ነው፤ እውነት መሆን አለመሆኑ ሌላ። ስለ አባታችሁ ማውራት ከፈለጉ ስለ አባታችሁ አውሩ፤ ከክርክሩ ውጭ በሆነ ቀን።

«እምነት ያለ ማስረጃ መቀበል ነው» ለሚለው። ክሊፎርድ የሚባል የሒሳብ ሊቅ በ1877 ስለ አንድ የመርከብ ባለቤት ጽፏል። መርከቡ ማርጀቱን እየጠረጠረ፣ ጥርጣሬውን በመልካም ሐሳብ አባብሎ፣ በቅን ልብ «ትደርሳለች» ብሎ አምኖ ተሳፋሪ ጭኖ ይልካታል። ትሰጥማለች። ክሊፎርድ ማመኑ ራሱ ወንጀል ነው አለ፤ ብትደርስም ኖሮ ያው ጥፋተኛ ነው። ፈላስፋው ዊሊያም ጄምስ በ1896 መለሰለት፤ ማስረጃው እስኪሟላ መጠበቅ የማይቻልባቸው ነገሮች አሉ፣ አለመወሰንም ውሳኔ የሚሆንባቸው። እኔ ክሊፎርድ በመረመረው መርከብ መሳፈር እመርጣለሁ፤ ጓደኛ ስመርጥ ግን የጄምስን ዓይነት ሰው እመርጣለሁ።

ቃሉንም ይመልከቱት። አማርኛችን «ማመን»ን ለሁለት ነገር ይጠቀምበታል። «ዝናብ እንደሚዘንብ አምናለሁ» እና «አንተን አምንሃለሁ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ አንድ ነገር እውነትነት ያለን ግምት ነው። ሁለተኛው ራስን ለሌላው አሳልፎ መስጠት ነው። ለተቸገረ ሰው «እግዚአብሔር አለ» ሲባልም ማንም የፍልስፍና ድምዳሜ እየነገረው አይደለም፤ ብቻህን አይደለህም እየተባለ ነው። ወንድምዎ የሚጠይቀው ስለ መጀመሪያው ነው፤ እርስዎ ምናልባት የሚመልሱለት ከሁለተኛው ሆነው ነው። ነገር ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው ፈጽሞ አይላቀቅም፤ መኖሩን ጨርሰው የማይገምቱትን አካል ሊተማመኑበት አይችሉም።

ፓስካል ሲሞት ኮቱ ገበር ውስጥ የተሰፋ ወረቀት ተገኘ። ህዳር 23 ቀን 1654 ሌሊት ላይ የሆነለትን ጽፎ የደበቀው ነው። ፈጣሪው የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ እንጂ የፈላስፎችና የሊቃውንት እንዳልሆነ ይላል። ይህ ሰው በዘመኑ ከነበሩት የሒሳብ ሊቃውንት ከፊተኞቹ አንዱ ነበር፤ የዕድል ሒሳብን መሠረት ከጣሉት ነው። ሙግት አያውቅም ሊባል አይችልም። ያ ወረቀት ለፓስካል ማስረጃ ነበር፤ ለወንድምዎ ግን አይደለም፤ አይሆንምም። የራስዎ ገጠመኝ ካለዎት ይንገሩት፤ እንዲያምንበት ግን አይጠይቁት።

የማስረዳት ሸክም የማን ነው ትሉ ይሆናል። ራስል በ1952 በምድርና በማርስ መካከል የምትዞር የሻይ ጀበና አለች የሚል ሰው ማስረዳት ያለበት እሱ ነው፣ የሚጠራጠረው አይደለም ብሏል። «አለ» የሚል ያስረዳ፤ ልክ ነው። ወንድምዎ «አልተረጋገጠልኝም» ካለ ምንም አይጠበቅበትም። «የለም» ካለ ግን እሱም አንድ ነገር ተናግሯል፤ ሸክሙን ይካፈላል። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚል ይጠይቁት፤ ራሱም ለይቶት ላይሆን ይችላል።

ስለ ሳይንቲስቶቹ፤ ጄምስ ሉባ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1916 ባሳተመው ጥናት ከአሜሪካ ሳይንቲስቶች 40 ከመቶ ገደማ ጸሎት በሚሰማ ፈጣሪ እንደሚያምኑ አገኘ። ከ80 ዓመት በኋላ ያው ጥያቄ ሲደገም ውጤቱ ብዙም አልተለወጠም። በሌላ በኩል በ1998 የታተመ ጥናት የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባላትን ጠይቆ ያገኘው 7 ከመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ «አያምኑም» ስሕተት ነው፤ «ብዙዎቹ አያምኑም» ግን አይደለም። የቱም ቁጥር ፈጣሪ አለ ወይም የለም አያሰኝም።

በሚቀጥለው ጊዜ ስትገናኙ አንድ ነገር ይሞክሩ። እርስዎ የእሱን ሙግት ይናገሩ፣ እሱም የእርስዎን፤ ባለቤቱ «አዎ፣ ልክ እንደዚያ ነው የምለው» እስኪል ድረስ። ተማሪዎቼን ሳሠራቸው አብዛኛው ሰዓት የሚያልቀው በዚህ ነው፤ ወደ መልሱ ሳንደርስ ደወል ይደወላል። ይህንንም ጽሑፍ ያሳዩት። የአጋዘኗን ግልገል ክፍል ዘለው ሳይሆን ሙሉውን።